ቴስተሩ «5 ቮልት» እያለ አርዱይኖው ለምን ይጠፋል? ኦሲሎስኮፕ ለማይክሮኮንትሮለር ሥራ፣ ደረጃ በደረጃ

ደብረ ብርሃን ለተቀመጥኩት ለእኔ በየሳምንቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። አንዴ ከዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አንዴ ሸዋ ሮቢት ሽንኩርት ከሚያለማ ወጣት፣ አንዴ ደግሞ ከመሐል ሜዳ። ቃሉ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው፦ «ኮዱ ትክክል ነው፣ በቴስተር ስለካው 5 ቮልት አለ፣ ግን ሰርኪዩቱ በየመሀሉ ይጠፋል። ኦሲሎስኮፕ ልግዛ ወይስ ብር ማባከን ነው?»

በስልክ ለእያንዳንዱ ማስረዳት ስላደከመኝ አንድ ጊዜ ዘርዝሬ ልጻፈው።

ቴስተር (መልቲሜትር) ቁጥሩን የሚያድሰው በሰከንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ያህል ነው። በመሀል የሆነውን ሁሉ አማካይ አድርጎ ነው የሚነግራችሁ። አርዱይኖ ኡኖ (በኮድ የሚታዘዝ ትንሽ ቦርድ) ላይ ያለው ቺፕ፣ ማይክሮኮንትሮለሩ፣ ግን በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ለ5 ሚሊሰከንድ ብቻ የወረደ ቮልቴጅን ቴስተሩ ልብ አይለውም። ለቺፑ ግን 80 ሺህ ምት ያህል ረጅም ጊዜ ነው፤ ጠፍቶ እንደገና ለመነሣት ይበቃዋል። ኦሲሎስኮፕ ቮልቴጁ በየቅጽበቱ ስንት እንደነበረ ስክሪን ላይ ይስልላችኋል። ወደ ቀኝ ጊዜ ነው፣ ወደ ላይ ቮልቴጅ ነው። ሌላ ምትሃት የለውም።

ለምሳሌ የምጠቀመው ለአንዲት ጎረቤቴ የሠራሁትን የእንቁላል መፈልፈያ ነው። የዶሮ እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን ስለሚፈጅ አርዱይኖው ቀን እየቆጠረ ትንሿ ስክሪን ላይ ያሳያል። በየሰዓቱም በትንሽ ሞተር እንቁላሎቹን ያገላብጣል። በአራተኛው ቀን እትዬ ደወሉልኝ። «አንተ ልጅ፣ ይኼ ነገር ዛሬም አንደኛ ቀን ነው ይላል። እንቁላሎቹ መቼ ነው የሚያድጉት?» በቴስተር ለካሁት። 4.9 ቮልት፣ ምንም እንከን የለውም። ሞተሩ ሲነሣ ቁጥሩ ትንሽ ብልጭ አለና ተመለሰ። አላመንኩትም። ኦሲሎስኮፑን ሳወጣ ነው ነገሩ የታየው። እንዴት እንደታየ ከታች ደረጃ 5 ላይ አለ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኦሲሎስኮፕ። የትኛው እንደሚበቃ ቀጥሎ እነግራችኋለሁ።
- ×1 እና ×10 መቀየሪያ ያለው ፕሮብ (ሰርኪዩቱን የሚነካው የመለኪያ ሽቦ)። ሁለት ቢሆን ይሻላል።
- ፕሮቡን ለማስተካከል ትንሽ ጠፍጣፋ መፍቻ። ብዙ ጊዜ የፕላስቲኩ ከፕሮቡ ጋር አብሮ ይመጣል።
- አርዱይኖ ኡኖ ወይም የምትሠሩበት ቦርድ፣ ብሬድቦርድ፣ ጃምፐር ሽቦ።
- ቴስተር። ኦሲሎስኮፕ አለኝ ብላችሁ እንዳትጥሉት፤ የተቆረጠ ሽቦ ለመፈለግ አሁንም የሚቀድመው እሱ ነው።
- 2.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች፣ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ሁለተኛ የ5 ቮልት ቻርጀር። ለጥገናው ነው።
- ፍላሽ ዲስክ ወይም የስልክ ካሜራ። መብራት ሲጠፋ ስክሪኑ ላይ የያዛችሁት ሞገድ አብሮ ይጠፋል፣ በኋላ «ስንት ነበር?» ብሎ መጨቃጨቅ ነው የሚቀረው።

ስለ መሣሪያው። በኪት መልክ ተበታትኖ የሚሸጠው ርካሹ ዲኤስኦ138 እስከ 200 ኪሎኸርዝ ብቻ ነው የሚያየው። ለሞተር፣ ለሪሌይ (በቺፑ ትእዛዝ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ)፣ ለአርዱይኖ ፒደብልዩኤም (ፒን በፍጥነት እየበራ እየጠፋ የሚያወጣው ሞገድ) እና ለዝግተኛ ሲሪያል (ቢት በቢት የሚላክ መልእክት) ይበቃል። የአይ ቱ ሲን (ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት መንገድ) ሞገድ ጠርዝ ለማየት ግን አይረባም፤ ካሬውን ሞገድ ድቡልቡል አድርጎ ያሳያችሁና የሌለ ችግር ስትፈልጉ ታመሻላችሁ። ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ የሚሠራው ሀንቴክ 6022 እስከ 20 ሜጋኸርዝ ያያል፣ ለአብዛኛው የአርዱይኖ ሥራ ደህና ነው። 50 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ የሆነ የጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ ካገኛችሁ ለማይክሮኮንትሮለር ሌላ አትመኙ። የዩኒቨርሲቲ ወይም የቴክኒክና ሙያ ላብ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ ሳትገዙ እዚያ ተለማመዱ። ብዙ ጊዜ መሣሪያው መደርደሪያ ላይ ነው የሚውለው።

«ሎጂክ አናላይዘር ይረክሳል፣ እሱ አይሻልም?» የሚሉኝም አሉ። እሱ የሚያየው 0 እና 1 ብቻ ነው። መልእክት ለማንበብ ጎበዝ ነው። 5 ቮልት የነበረው 3.5 መሆኑን ግን አይነግራችሁም፤ ለእሱ ሁለቱም 1 ናቸው።

ማስጠንቀቂያ፦ ፕሮብ ከመንካታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

በጠረጴዛ ኦሲሎስኮፕ ላይ የፕሮቡ የአዞ መቆንጠጫ በቀጥታ ከሶኬቱ የመሬት መስመር ጋር የተገናኘ ነው። የፈለጋችሁበት ቦታ የምትቆነጥጡት ነጻ ሽቦ አይደለም። የቆነጠጣችሁበትን ነጥብ በሙሉ ከመሬት ጋር አገናኛችሁት ማለት ነው።

ስለዚህ የ220 ቮልቱን ጎን አትንኩ። በመፈልፈያው ላይ አምፖሉን ወይም ማሞቂያውን የሚያበራው የሪሌዩ ጎን 220 ቮልት ነው። መቆንጠጫውን እዚያ ካስገባችሁ ብልጭታ፣ የተቃጠለ ፕሮብ፣ ምናልባትም የተቃጠለ ሰው ይኖራል። ልኬታችሁን በሙሉ በዝቅተኛው ቮልቴጅ ጎን አድርጉ። በምትለኩበት ሰዓት የ220ውን ሽቦ ከሶኬት ንቀሉት፤ ሪሌዩ ያለ አምፖልም ይጫናል፣ ድምፁን ትሰማላችሁ።

የመሬቱን እግር ቆርጣችሁ «አሁን ነጻ ሆነ» የሚለውን የጓደኛ ምክር አትስሙ። ያኔ የመሣሪያው ብረት በሙሉ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላል። የመሬት መስመር በሌለው ቤት ወይም ባለ ሁለት ቀዳዳ ማከፋፈያ ስትጠቀሙም ብረቱ እጃችሁን ነዘር ሊያደርጋችሁ ይችላል። ከመሣሪያው የፊልተር ካፓሲተሮች የሚመጣ ነው። የመሬት መስመር ያለው ሶኬት ፈልጉ።

በባትሪ የሚሠራ የእጅ ኦሲሎስኮፕም ቢሆን ለ220 ፈቃድ አይሰጣችሁም። መሬት ስለሌለው አይፈነዳ ይሆናል፣ እናንተ የያዛችሁት መቆንጠጫ ግን 220 ተሸክሞ ይጠብቃችኋል።

አሁን ወደ ሥራው።

1. ፕሮቡን አስተካክሉ

ፕሮቡን ቻናል 1 ላይ ሰኩ፣ መቀየሪያውን ×10 ላይ አድርጉ። ከዚያ በኦሲሎስኮፑ ሜኑ ውስጥም ቻናሉን ×10 በሉት። ሁለቱ ካልተስማሙ 5 ቮልቱ 0.5 ወይም 50 ሆኖ ይታያል።

የፕሮቡን ጫፍ ኦሲሎስኮፑ ፊት ላይ ካለችው የማስተካከያ ብረት ጋር አገናኙት። ከብዙዎቹ 1 ኪሎኸርዝ ካሬ ሞገድ ይወጣል። የሞገዱን ጥግ እዩ። ጥጉ ሹል ሆኖ ወደ ላይ ከዘለለ ወይም ከተድቦለቦለ ፕሮቡ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀስታ አዙሩ። ጥጉ ቀጥ ያለ የጠረጴዛ ጠርዝ ሲመስል አቁሙ።

ለምን? ያልተስተካከለ ፕሮብ ፈጣን ለውጦችን ያጋንናል ወይም ይደብቃል። እናንተ የምትፈልጉት ደግሞ ፈጣኑን ለውጥ ነው። ×10 የሚመረጠውም ለዚሁ ነው። ×1 ሰርኪዩቱን ይጫነዋል፣ የሚያሳየውም ድግግሞሽ በጣም ያንሳል።

የቆላና የደጋ ነገር እዚህ ላይ አለ። መሣሪያውን ከደብረ ብርሃን ብርድ ጭናችሁ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ወዲያው አታብሩት። ቀዝቃዛ ብረት ሙቅ አየር ሲያገኝ ያልበዋል። ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት፣ ከዚያ አብሩት፣ ከሞቀ በኋላ አስተካክሉት።

2. ግራውንዱን ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆንጥጡ

መቆንጠጫውን አርዱይኖው ላይ ባለው የግራውንድ (የ0 ቮልት) ፒን ላይ አድርጉ። ሩቅ ካለው የቻርጀሩ ግራውንድ ላይ አይደለም። በመሀል ያለው ሽቦ ራሱ ቮልቴጅ ይበላል፣ ቺፑ የሚያየውንም አታዩም።

ሁለት ፕሮብ ስትጠቀሙ ሁለቱም መቆንጠጫዎች በውስጥ የተገናኙ ናቸው። አንዱን ግራውንድ ላይ፣ ሌላውን 5 ቮልት ላይ ብትቆነጥጡ ሾርት ነው። ሁለቱም ግራውንድ ላይ፣ ሁልጊዜ።

አርዱይኖው ከላፕቶፕ ጋር በዩኤስቢ የተሰካ ከሆነም አስቡበት። የላፕቶፑ ቻርጀር ባለ መሬት ከሆነ የላፕቶፑ ግራውንድና የኦሲሎስኮፑ ግራውንድ ቀድሞ ተገናኝቷል። መቆንጠጫው ግራውንድ ላይ እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ሌላ ቦታ ከሆነ የሚቃጠለው የላፕቶፑ ፖርት ሊሆን ይችላል።

3. በምታውቁት ሞገድ ጀምሩ

ችግር ፍለጋ ከመግባታችሁ በፊት መልሱን የምታውቁትን ለኩ። አርዱይኖው ፒን 9 ላይ አናሎግ ራይት 64 እንዲያወጣ አድርጉ። 64 ከ255 አንድ አራተኛ ነው። በቴስተር ስትለኩት 1.25 ቮልት አካባቢ ያሳያል። «ፒኑ 1.25 ቮልት ያወጣል» ብላችሁ ልታምኑ ትችላላችሁ። አያወጣም።

ኦሲሎስኮፑን 1 ካሬ 1 ቮልት፣ 1 ካሬ 1 ሚሊሰከንድ ላይ አድርጉት፤ ስክሪኑ ላይ ካሉት ካሬዎች አንዱ ወደ ላይ 1 ቮልት፣ ወደ ቀኝ 1 ሚሊሰከንድ ይሁን ማለት ነው። የምታዩት ወይ 5 ቮልት ወይ 0 ነው፣ በመሀል ምንም የለም። በሰከንድ 490 ጊዜ ይበራል ይጠፋል። አንዱ ዙር 2 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፣ ከዚያ ውስጥ ግማሽ ሚሊሰከንዱን ብቻ 5 ቮልት ላይ ይቆያል።

ፒን 5 ወይም 6 ላይ ብትሞክሩት ደግሞ ድግግሞሹ እጥፍ፣ 980 ሆኖ ታገኙታላችሁ። ኡኖ እንዲህ ነው የተሠራው። አንዳንድ ሞተር በአንዱ ፒን ሲያንሾካሹክ በሌላው ድምፁን የሚቀይረው ለዚህ ነው።

ይህን ደረጃ አትዝለሉት። ማዞሪያዎቹን እጃችሁ የሚለምደው እዚህ ነው። የጊዜውን ማዞሪያ ከመንካታችሁ በፊት «የምጠብቀው ሞገድ ስንት ይፈጃል?» ብላችሁ አስሉ። የዙሩን ርዝመት ለሁለት ለሦስት ካሬ አካፍሉት። ሳያስቡ ማዞር ጨለማ ውስጥ ቁልፍ እንደመፈለግ ነው።

4. ትሪገርን ተማሩ

ሰው ኦሲሎስኮፕ ገዝቶ በሳምንቱ የሚተወው በትሪገር ምክንያት ነው። ሞገዱ ስክሪኑ ላይ ይሮጣል፣ ይደራረባል፣ ምንም አይነበብም።

ትሪገር ማለት «ቮልቴጁ እዚህ መስመር ላይ ሲደርስ ሥዕሉን ጀምር» የሚል ትእዛዝ ነው። ሁለት ነገር ትነግሩታላችሁ። መስመሩ ስንት ቮልት ላይ እንደሆነና ሞገዱ ወደ ላይ ሲሻገር ወይስ ወደ ታች ሲሻገር። ለፒን 9 ሞገድ 2.5 ቮልት ላይ፣ ወደ ላይ በሉት። ወዲያው ይቆማል።

ከዚያ ሦስት ሁነታዎች አሉ፦

- ኦቶ፦ ትሪገር ባያገኝም ዝም ብሎ ይስላል። ለመጀመሪያ እይታ ነው።
- ኖርማል፦ ትሪገር ካላገኘ አይስልም። አልፎ አልፎ ለሚመጣ ነገር።
- ሲንግል፦ አንዴ ይዞ ይቆማል። ሌባ ለመያዝ ይሄ ነው።

በሰዓት አንዴ የሚመጣን ችግር በኦቶ ትጠብቁ ከሆነ ጾሙን በሙሉ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ቢመጣም በቅጽበት ተስሎ ይጠፋል። በሲንግል ጥዳችሁት ቡና አፍሉ፣ ስትመለሱ ተይዞ ይጠብቃችኋል።

5. የኃይል መውረዱን ያዙ

ይህ ዋናው ደረጃ ነው። «ራሱን ሪሴት ያደርጋል» (ጠፍቶ ከመጀመሪያው ይነሣል) ከሚሉኝ ሰርኪዩቶች አብዛኞቹ የሚፈቱት እዚህ ነው።

ፕሮቡን አርዱይኖው ላይ ባለው የ5 ቮልት ፒን ላይ አድርጉ። 1 ካሬ 1 ቮልት፣ 1 ካሬ 5 ሚሊሰከንድ። ትሪገሩን 4 ቮልት ላይ፣ ወደ ታች ሲሻገር አድርጉት። ሲንግልን ተጫኑ። ከዚያ ሞተሩን አስነሡ።

በእትዬ መፈልፈያ ላይ የታየው ይህ ነበር። 4.9 ቮልት ላይ ቀጥ ብሎ የሚሄደው መስመር ሞተሩ ሲነሣ 2.3 ቮልት ድረስ ገደል ገባ። ለ6 ሚሊሰከንድ ያህል እዚያ ቆየ፣ ከዚያ ተመለሰ። አርዱይኖ ኡኖ ብራውን አውት የሚባል መከላከያ አለው። ቮልቴጁ ከ2.7 በታች ሲወርድ ቺፑን ሪሴት ያደርገዋል። ስለዚህ ቺፑ አልተበላሸም፣ ኮዱም አልተሳሳተም። በየሰዓቱ፣ ሞተሩ በተነሣ ቁጥር፣ እንቁላሎቹ አንደኛ ቀናቸውን እንደገና ያከብሩ ነበር።

አሁን ሁለተኛ ልኬት። ፕሮቡንና መቆንጠጫውን ቻርጀሩ አጠገብ ወዳለው የሽቦ ጫፍ ወሰድኩት። እዚያ የወረደው 3.4 ቮልት ድረስ ብቻ ነበር። ልዩነቱ 1.1 ቮልት ነው። ያንን የበላው በመሀል ያለው ቀጭን ሽቦ ነው። በአንድ ፕሮብ ሁለት ቦታ በመለካት ጥፋቱን ለቻርጀሩና ለሽቦው አካፈልኩት።

ይህን ያየ ሰው ሁሉ «ካፓሲተር ጨምርበት» ይላል። ልኬቱ ስላለን ማስላት እንችላለን። ሞተሩ ሲነሣ ቻርጀሩ ከሚችለው በላይ 1 አምፔር ፈለገ እንበል። ለ6 ሚሊሰከንድ ነው፣ ቮልቴጁም ከግማሽ ቮልት በላይ እንዲወርድ አንፈልግም። አምፔሩን በጊዜው አባዝታችሁ በሚፈቀደው መውረድ አካፍሉ። 1 ሲባዛ በ0.006፣ ሲካፈል ለ0.5፣ 0.012 ፋራድ ነው። 12 ሺህ ማይክሮፋራድ ማለት ነው። ሰው ሁሉ የሚያስገባው 1000 ማይክሮፋራድ ወይም 470 ነው። ለምን እንደማይሠራ አሁን ታየ።

ስለዚህ ያደረግኩት ይህን ነው፦

- ለሞተሩ የራሱን ቻርጀር ሰጠሁት። የሁለቱን ግራውንድ አገናኘሁ፤ ካልተገናኘ ሞተሩን የሚያዘው ትራንዚስተር ትእዛዙን አይሰማም።
- ሽቦውን በወፍራምና በአጭር ቀየርኩ።
- ሞተሩ ላይ ዳዮድ በተቃራኒ አገናኘሁ። ሞተር ሲቆም ወደ ኋላ የሚመልሰው ከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንዚስተሩን እንዳይገድለው ነው። የዳዮዱ መስመር ያለበት ጎን ወደ ፖዘቲቭ ነው፤ ከተገለበጠ ሾርት ነው።

ከዚያ እንደገና ለኩ። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ያለ ሁለተኛ ልኬት ጥገናው ይሥራ አይሥራ የምታውቁት በሚቀጥለው ብልሽት ነው። እኔ ስለካው መውረዱ 4.75 ላይ ቆመ፤ ለማየት ትሪገሩን ወደ 4.8 ከፍ ማድረግ ነበረብኝ።

ዋይፋይ ያላቸውን ኢኤስፒ32 ወይም ኢኤስፒ8266 ቦርዶች ለምትጠቀሙም ያው አሠራር ነው። ልዩነቱ እነሱ በ3.3 ቮልት መሥራታቸውና ሞተር ባይኖርም ዋይፋዩ ሲልክ ኃይል በድንገት መሳባቸው ነው። ትሪገሩን 3.0 ላይ አድርጉ።

6. ኮዳችሁ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ለኩ

ኦሲሎስኮፕ ሽቦ ብቻ ሳይሆን ኮድም ይለካል። የምትጠረጥሩት ሥራ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነጻ ፒን ከፍ አድርጉ፣ ሲጨርስ ዝቅ አድርጉ። ፕሮቡን እዚያ ፒን ላይ። የሞገዱ ስፋት የሥራው ጊዜ ነው።

የመፈልፈያው ቁልፎች አንዳንዴ ሲጫኑ አይሰሙም ነበር። ቁልፉ ተበላሽቷል ብዬ ሁለት ቀይሬአለሁ። ፒኑን ስለካው ሙቀት ማንበቡ 750 ሚሊሰከንድ ይፈጅ ነበር። ዲኤስ18ቢ20 የሚባለው የሙቀት ሴንሰር በሙሉ ጥራት፣ በ12 ቢት፣ ይህን ያህል ይወስዳል። የተለመደው ላይብረሪ ደግሞ ካልነገራችሁት እስኪጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። በዚያ ጊዜ ቁልፍ ብትጫኑ የሚሰማ የለም። መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ «ለካ» ብላችሁ ሌላ ሥራ ሠርታችሁ በኋላ መመለስ፣ ወይ ጥራቱን ወደ 9 ቢት ዝቅ ማድረግ። በ9 ቢት 94 ሚሊሰከንድ ነው፣ ግን በግማሽ ዲግሪ ነው የሚያነበው። ለእንቁላል የመጀመሪያውን መረጥኩ።

7. የአይ ቱ ሲ መስመሩን ጠርዝ እዩ

ሸዋ ሮቢት ያለው ልጅ የውሃ ፓምፑን ከሚቆጣጠረው አርዱይኖ 5 ሜትር ርቆ ስክሪን ሰቀለ። ጠረጴዛ ላይ ይሠራ የነበረው እርሻው ላይ እንግዳ ፊደል ማሳየት ጀመረ። «ስክሪኑ ሙቀቱን አልቻለም» አለኝ። ሙቀቱ አልነበረም።

ፕሮቡን ከሁለቱ የአይ ቱ ሲ ሽቦዎች በአንዱ ላይ አድርጉ፣ 1 ካሬ 2 ማይክሮሰከንድ። ጤነኛ ሞገድ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ይነሣል። የእሱ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር እንደሚወጣ የጭነት መኪና ቀስ እያለ ይወጣ ነበር። ጫፍ ሳይደርስ መልሶ ይወርዳል።

ምክንያቱ ይህ ነው። አይ ቱ ሲ መስመሩን ወደ ታች የሚስበው ቺፑ ነው፣ ወደ ላይ የሚመልሰው ግን ሬዚስተር ብቻ ነው። ሽቦ ደግሞ በሜትር ከ50 እስከ 100 ፒኮፋራድ ካፓሲታንስ አለው። 5 ሜትር ሲሆን የመስመሩ ወሰን የሆነው 400 ፒኮፋራድ አካባቢ ትደርሳላችሁ። በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር መውጫው 3.4 ማይክሮሰከንድ ይፈጃል፤ የተፈቀደው በ100 ኪሎኸርዝ 1 ማይክሮሰከንድ ነው። ሬዚስተሩን ወደ 2.2 ኪሎ ኦም ስንቀይረው ወደ 0.75 ወረደ። ፍጥነቱን ዝቅ ማድረግም ይረዳል። ከዚህ ለሚርቅ ቦታ ግን አይ ቱ ሲን ተዉት፣ ለረጅም ሽቦ አልተሠራም።

8. የሲሪያል ፍጥነትን በአንድ ፊደል ፈትሹ

ሲሪያል ሞኒተሩ ላይ ዝባዝንኬ ሲወጣ የእንግሊዝኛውን ካፒታል ‹ዩ› ፊደል (በቁጥር 85) ደጋግማችሁ ላኩ። ቢቶቹ 0 እና 1 እየተፈራረቁ ስለሚሄዱ ንጹህ ካሬ ሞገድ ይሆናል። በ9600 አንዷ ቢት 104 ማይክሮሰከንድ መሆን አለባት። 208 ካገኛችሁ ቺፑ እናንተ ካሰባችሁት በግማሽ ፍጥነት እየሠራ ነው። ብዙ ጊዜ ኮዱ ለ16 ሜጋኸርዝ ተዘጋጅቶ ቺፑ በውስጡ 8 ሜጋኸርዝ ሲሠራ የሚሆን ነው።

የተለመዱ ስሕተቶች

ኤሲ ካፕሊንግ ላይ ረስቶ መለካት። በዚህ ሁነታ ቋሚው ቮልቴጅ ተቆርጦ ይወጣል። 5 ቮልቱ 0 ሆኖ ይታይና «ኃይል የለም» ትላላችሁ። ለማይክሮኮንትሮለር ሁልጊዜ በዲሲ ጀምሩ።

«ኦቶ ሴት» የሚለውን ቁልፍ ማመን። ለሚደጋገም ሞገድ ጥሩ ነው። በሰዓት አንዴ ለሚመጣ መውረድ ግን ምንም አያውቅም፣ ያስተካከላችሁትንም ያበላሽባችኋል።

ጊዜውን በጣም አስፍቶ ማየት። 16 ሜጋኸርዝን 1 ካሬ 1 ሰከንድ አድርጋችሁ ብታዩ ኦሲሎስኮፑ ናሙናዎቹን እየዘለለ ስለሚወስድ የሌለ ዝግተኛ ሞገድ ሊስልላችሁ ይችላል። ሞገዱ እውነት መሆኑን ለማረጋገጥ የጊዜውን ማዞሪያ አንድ ሁለት እርምጃ ቀይሩ። የሚለካው ድግግሞሽ አብሮ ከተለወጠ ውሸት ነው።

ረጅም የግራውንድ ሽቦ። በፈጣን ሞገድ ጠርዝ ላይ የሚርገበገብ ጭራ ካያችሁ ሰርኪዩታችሁን ከመክሰሳችሁ በፊት በአጭሯ የግራውንድ ስፕሪንግ እንደገና ለኩ። ብዙ ጊዜ ጭራው የፕሮቡ ነው።

ክሪስታሉን (ለቺፑ ምቱን የሚሰጠውን) መንካት። «ቺፑ ይምታ አይምታ ልይ» ብላችሁ ፕሮቡን ክሪስታሉ ላይ ስታደርጉ የፕሮቡ ካፓሲታንስ ራሱ ምቱን ሊያቆመው ይችላል። በ×1 ደግሞ ይብሳል። አንድ ልጅ ሦስት ቺፕ «ሞቷል» ብሎ አምጥቶልኝ ሦስቱም በሕይወት ነበሩ። ፒን ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ኮድ ጭናችሁ እዚያ ለኩት፣ ክሪስታሉን ተዉት።